ቴስት ለብቻው ስክሪን ሲሰጠው፦ የብራውዘር ቴስቶቻችንን ወደ ቨርችዋል ዲስፕሌይ ያዞርንበት ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ትንሽ ቲም ነው፣ ብራውዘር ከፍተው ሲስተሙን ሚሞክሩ ቴስቶቻችንን ሰው ከሚሰራበት ስክሪን አውጥተን ወደ ቨርችዋል ዲስፕሌይ፣ ማለትም ሞኒተር ወደሌለው በሶፍትዌር የተሰራ ስክሪን፣ እንዴት እንደወሰድናቸው ነው። ምንሰራው የእቃ ዝርዝርና ዋጋ ሚያዝበት የዌብ ሲስተም ነው፣ ሚጠቀሙበት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ሰንጠረዥ ኮፒ እያረጉ ሌላው ላይ ፔስት ሲያረጉ ነው ሚውሉት፣ ስለዚ ቴስቶቻችንም አብዛኞቹ እነሱን ነው ሚመስሉት። አንድ ብራውዘር ይከፈታል፣ ሴሎች ይመረጣሉ፣ ኮንትሮል ሲ ይጫናል፣ ከዛ በሌላ ተጠቃሚ ስም ሁለተኛ ብራውዘር ይከፈትና ኮንትሮል ቪ፣ ቁጥሮቹ በየቦታቸው ገብተዋል ወይ ተብሎ ይረጋገጣል። ከዚ ሌላ ሰነድ ላይ ዲጂታል ፊርማ ሚያኖር ትንሽ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አለ፣ ብራውዘሩ ላይ በተጫነ ኤክስቴንሽን በኩል ይጠራና የራሱን መስኮት ከፍቶ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ቴስቶቹ የተጻፉት በሴሌኒየም፣ ብራውዘርን በኮድ በሚያዝ መሳሪያ፣ ነው፣ የፊርማው መስኮት ግን የብራውዘሩ አካል ስላልሆነ ሴሌኒየም ጭራሽ አያየውም፣ እሱን ምንነካው በኤክስዱቱል ነው፣ ማለትም የስክሪኑን ማውስ ራሱን ሚያንቀሳቅስና ኪቦርድ እንደተነካ አርጎ ሚልክ ፕሮግራም።

ሁሉም ዴቨሎፐር ኮዱን ከመላኩ በፊት ቴስቶቹን በራሱ የሊኑክስ ማሽን ላይ ያስኬዳል፣ ከዛ ደሞ ሞኒተር የተሰካበት፣ ሁሌ ሎግኢን ሆኖ ሚቀመጥ አንድ የጋራ የቢልድ ማሽን (የሁሉም ኮድ ተሰብስቦ ሚገነባበትና ሚሞከርበት) አለ። ቴስቶቹ አንዳንዴ ያልፋሉ አንዳንዴ ይወድቃሉ። ኮዱ ሳይነካ፣ ያው ቴስት፣ ያው ማሽን። «ድጋሚ አስኪደው» ሚለው መልስ የተለመደ ሆኖ ነበር፣ ኋላ እሱም ሲሰለች ሪትራይ ተጨመረበት፣ የወደቀ ቴስት በራሱ ድጋሚ ይሞከራል፣ አንዴ ካለፈ አረንጓዴ ነው። እኔ ሪትራይን አልወደውም፣ ቴስት ወደቀ ማለት አንድ ሰው ሄዶ ሊያየው ሚገባ ነገር አለ ማለት ነው፣ ሪትራይ ካለ ግን ማንም ሄዶ አያየውም።

መንገዱን ያሳየን አንድ ስክሪንሹት ነው። የወደቀ ቴስት ያስቀመጠው ምስል ላይ፣ ዋጋ ሚገባበት ሴል ውስጥ፣ ቁጥር መሆን ሲገባው «ስብሰባው ወደ ከሰዓት ዞሯል ለሌሎቹም ንገሩ» ሚል ጽሁፍ ተቀምጧል። ቴስቱ ውስጥ እንዲ አይነት ጽሁፍ የለም፣ ዳታቤዙ ውስጥም የለም። ቴስቱ ኮፒ ካረገ በኋላና ፔስት ከማረጉ በፊት ባለችው ክፍተት ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ሰው ቻት ላይ መልእክት ኮፒ አርጓል፣ በቃ። ክሊፕቦርዱ፣ ኮፒና ፔስት ሚያልፍበት ቦታ ማለት ነው፣ አንድ ነው፣ ተጠቃሚዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሰውየውና ቴስቱ።

ከዛ በኋላ የድሮ ሎጎችን በዚ አይን ስናይ ብዙው ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ማውስ ሲያርፍበት ሚከፈት ሜኑ አለ፣ ሰውየው ማውሱን በዛ መስኮት ላይ ሲያሳልፍ ሜኑው ይዘጋል፣ ቴስቱ «ኤለመንቱ አይታይም» ብሎ ይወድቃል። ብራውዘሮቹ ስራ ላይ እያለ ፊቱ ድቅን ሲሉበት ሰው ሚኒማይዝ ያረጋቸዋል፣ ገጹ ደሞ የተደበቀ መሆኑን ብራውዘሩ ያውቃል፣ ገጹ አኒሜሽን ሚስልበት ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም ሚባለው ይቆማል፣ ታይመሮች ይዘገያሉ፣ አኒሜሽኑ እስኪያልቅ ሚጠብቅ ቴስት እየጠበቀ ታይምአውት ይመታዋል። ኤክስዱቱል ደሞ በተቃራኒው ሰውየውን ነው ሚበድለው፣ ኢሜይል እየጻፈ እያለ ማውሱ ከእጁ ተነጥቆ ሄዶ የፊርማ መስኮት ላይ ክሊክ ያረጋል፣ የሚስጥር ቁጥሩም ኢሜይሉ ውስጥ ሚጻፍበት ጊዜ ነበር።

ስክሪን ስንል ምን ማለታችን ነው

እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም መፍትሄው ሁሉ ከዚ ነው ሚመጣው። ሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ መስኮቶችን ሲያስተዳድር የኖረው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም በ1984 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ውስጥ ነው የተጀመረው፣ ኤክስ11 ምንለው ፕሮቶኮል በ1987 ወጥቶ እስካሁን እየሰራ ነው። አሰራሩ ሰርቨርና ክላየንት ነው፣ ግን ብዙ ሰው ያምታታዋል፣ ሰርቨሩ ማለት ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን ሚይዘው ፕሮግራም ነው፣ ብራውዘሩ፣ ኤዲተሩ፣ ቻቱ ሁሉም ክላየንት ናቸው፣ እየመጡ መስኮት ስጠኝ፣ ይሄን ሳልልኝ ይሉታል። አንድ ክላየንት የቱ ሰርቨር ጋ እንደሚሄድ ሚያውቀው ዲስፕሌይ ሚባል ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራም ሲነሳ አብሮ ሚሰጠው ቅንብር) አይቶ ነው። :0 ካለ ያ ፊታችን ያለው ስክሪን ነው አብዛኛውን ጊዜ፣ :99 ካለ ሌላ ሰርቨር ነው። አንድ ማሽን ላይ እንደዚ አይነት ሰርቨር ሁለትም ሃያም ማስነሳት ይቻላል።

ዋናው ነገር እቺ ናት፦ ፎከስ (ኪቦርዱ የቱ መስኮት ላይ እንደሚጽፍ)፣ የማውስ ቦታ፣ ክሊፕቦርድ፣ እነዚ ሶስቱ የብራውዘሩ ንብረት አይደሉም፣ የዲስፕሌዩ ናቸው። አንድ ዲስፕሌይ ላይ አራት የቴስት ዎርከር (ጎን ለጎን ባንዴ ቴስት ሚያስኬድ ፕሮሰስ) ማስኬድ ማለት አንድ ኪቦርድ ፊት አራት ሰው ማስቀመጥ ነው፣ ለየብቻቸው ፕሮፋይል፣ ለየብቻቸው ዳታቤዝ ብትሰጣቸው እንኳ ኮንትሮል ሲ ሲጫኑ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። ብዙ ጊዜ ስለ ቴስት አይዞሌሽን (አንዱ ቴስት ሌላውን እንዳይነካ መለየት) ስናወራ ዳታቤዝ፣ ኩኪ፣ ፋይል ምናምን እንላለን፣ ስክሪኑ ግን ሁሌ ይረሳል፣ እኛ ጋ ደሞ ችግሩ ከሞላ ጎደል እሱ ውስጥ ነበር።

ኤክስቪኤፍቢ ሚባለው ራሱን የቻለ የኤክስ ሰርቨር ነው፣ ልዩነቱ ሞኒተር የለውም፣ ግራፊክስ ካርድም አይፈልግም፣ ሚስለውን ሁሉ ራም ውስጥ ነው ሚስለው። ብራውዘሩ ግን ልዩነቱን አያውቅም፣ እውነተኛ ስክሪን ላይ ያለ ነው ሚመስለው፣ መስኮት ይከፍታል፣ ፎከስ ይቀበላል፣ ኮፒ ያረጋል። ክብደቱም ቀላል ነው፣ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በፒክስል 4 ባይት ሲታሰብ 8,294,400 ባይት ነው፣ 8 ሜጋባይት ገደማ፣ ከብራውዘሩ ራሱ ጋ ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። ስለዚ ለእያንዳንዱ ዎርከር አንድ ስክሪን ብንሰጥ ሚከብድ ነገር የለውም።

ለምን ሄድለስ አልሆነም

ብራውዘሩን ሄድለስ፣ ማለትም ጭራሽ መስኮት ሳይከፍት፣ ለምን አናስኬደውም ሚለው ጥያቄ ቲሙ ውስጥ በደንብ ተነስቷል፣ ተገቢም ጥያቄ ነው። ክሮም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሄድለስ አለው፣ በ59ኛው ቨርዥን ነው የመጣው፣ ፋየርፎክስም በዛው አመት በ55 መጀመሪያ ሊኑክስ ላይ አመጣው። ፎርም ሞልተህ፣ በተን ተጭነህ፣ የወጣውን ጽሁፍ ምታይ ከሆነ ሄድለስ ተጠቀም፣ ቨርችዋል ዲስፕሌይ ውስጥ ባትገባ ይሻላል፣ አንድ ሚበላሽ ነገር ይቀንስልሃል። የድሮው የክሮም ሄድለስ ግን ከእውነተኛው ክሮም የተለየ ኮድ ነበር፣ ኤክስቴንሽን አይጭንም፣ በሱ ያለፈ ቴስት ተጠቃሚው እጅ ላይ ያለው ብራውዘር ይሰራል ማለት አልነበረም። በ2023 በክሮም 112 አዲሱ ሄድለስ መጣ፣ እሱ ከመደበኛው ክሮም ጋ አንድ አይነት ኮድ ነው፣ መስኮቱን ብቻ ነው ማያሳየው፣ የድሮው ደሞ ከክሮም 132 ጀምሮ ከዋናው ፕሮግራም ወጥቶ ለብቻው ሆኗል። ጥሩ ለውጥ ነው፣ ብዙ ሰው ወደ ኤክስቪኤፍቢ ሚመጣበትን ምክንያት አጥፍቷል።

የኛን ግን አላጠፋም። የፊርማው ፕሮግራም ብራውዘር አይደለም፣ መስኮቱን ሚከፍትበት ዲስፕሌይ ካላገኘ ይሞታል፣ ኤክስዱቱልም ሚነካው ዲስፕሌይ ይፈልጋል። ብራውዘሩ ስክሪን አልባ ሆኖ ጎኑ ያለው ፕሮግራም ስክሪን ካስፈለገው ያው ስክሪን ማዘጋጀታችን አልቀረም፣ እንግዲያው ሁለቱም አንድ ላይ፣ ተጠቃሚው እንደሚያያቸው ጎን ለጎን ይሁኑ አልን። ፊርማ የማይነኩትንና ክሊፕቦርድ የማይነኩትን ቴስቶች ለይተን ወደ ሄድለስ አዞርናቸው፣ ቀሪዎቹ ወደ ቨርችዋል ዲስፕሌይ ሄዱ።

መገንባቱ

የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፣ ኤክስቪኤፍቢ ረን ሚባል ስክሪፕት አለ፣ የቴስት ኮማንድህን ከፊቱ እሱን አርገህ ታስኬደዋለህ፣ ሰርቨሩን ያስነሳል፣ ዲስፕሌይ ቫሪያብሉን ያስተካክላል፣ መግቢያ ኩኪ (ሰርቨሩ ውስጥ ለመግባት ሚጠየቅ ሚስጥራዊ ቁልፍ) ይሰራል፣ ቴስቱ ሲያልቅ ሁሉንም ያጠፋል። ካልነገርከው ቁጥር 99ን ነው ሚወስደው። የስክሪኑን መጠን ግን ሁሌም ራስህ ጻፍ። የቢልድ ማሽኑ ላይ የነበረው የቆየ ቨርዥን በራሱ ሚመርጠው 640 በ480 ነበር፣ በዛ ስፋት ደሞ የኛ ሲስተም የስልክ ገጽታውን ነው ሚያሳየው፣ የላይኛው ሜኑ በሶስት መስመር ምልክት ይተካል፣ ቴስቶቹ በተኑን ሲፈልጉ የለም። አዳዲሶቹ 1280 በ1024 ይላሉ፣ እሱም ቢሆን የኛ ተጠቃሚዎች ስክሪን አይደለም፣ 1920 በ1080 ከ24 ቢት ከለር ጋ ብለን ጻፍን።

ከዛ ቴስቶቹን ስናስኬድ በፊት ያልፉ የነበሩ መውደቅ ጀመሩ፣ ሁለተኛ መስኮት ሚከፍቱት በሙሉ። ማክሲማይዝ ሚለው ትእዛዝ ምንም አያረግም፣ ሁለተኛው መስኮት የመጀመሪያው ላይ ድርብ ብሎ ይከፈታል፣ ሚጻፈው ጽሁፍ የትም አይገባም፣ ክሊፕቦርድ ሚያነበው የጃቫስክሪፕት ኮድ ደሞ ዶክመንቱ ፎከስ የለውም ብሎ ይከለክላል። ምክንያቱ ኤክስቪኤፍቢ ባዶ ሰርቨር ስለሆነ ነው፣ ዊንዶው ማኔጀር የለውም። ኤክስ ላይ መስኮት ማስፋት፣ ማሳነስ፣ አዲስ ለተከፈተው ፎከስ መስጠት የሰርቨሩ ስራ አይደለም፣ የዊንዶው ማኔጀሩ ነው፣ እሱ ከሌለ ማክሲማይዝ ሚለውን ጥያቄ ሚሰማ ማንም የለም። እያንዳንዱ ዲስፕሌይ ላይ ኦፕንቦክስ ሚባል ዊንዶው ማኔጀር ጨመርን፣ ትንሽ ነው፣ ወዲያው ይነሳል። ፍላክስቦክስም ያው ነው ሚሰራው። እዚ ላይ ብዙ ሰው ሲደክም አያለሁ፣ ቴስቱ ውስጥ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ፣ ድጋሚ ክሊክ አርግ ምናምን እያለ፣ መጀመሪያ ዊንዶው ማኔጀር አለ ወይ ብሎ ማየት ነው።

ፓራለል፣ ማለትም ብዙ ዎርከር ባንዴ ወደ ማስኬድ፣ ስንሄድ የዲስፕሌይ ቁጥር ጉዳይ መጣ። ኤክስቪኤፍቢ ረን ላይ ነጻ ቁጥር ራስህ ፈልግ ሚል አማራጭ አለ፣ ለአንድ ዎርከር ችግር የለውም፣ ግን ሚፈልገው የሎክ ፋይል (ቁጥሩ ተይዟል ሚል ምልክት) አለ ወይ ብሎ አይቶ ነው፣ አራት ዎርከር በአንድ ቅጽበት ሲነሱ ሁለቱ አንዱን ቁጥር ነጻ ነው ብለው ያያሉ፣ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ወይም ይባስ ብሎ አንዱ የሌላው ስክሪን ላይ ይገባል፣ ያን ጊዜ ወደ ቀድሞው ችግር ተመለስን ማለት ነው። እኛ ስክሪፕቱን ትተን ሰርቨሩን በቀጥታ አስነሳነው፣ ዲስፕሌይ ኤፍዲ ሚባል አማራጭ አለው፣ ቁጥሩን ሰርቨሩ ራሱ ይመርጥና ዝግጁ ሲሆን አንተ በከፈትክለት መስመር (ፋይል ዲስክሪፕተር) ጽፎ ይነግርሃል። ሁለት ነገር ባንዴ ይፈታል፣ ግጭት የለም፣ «ተነስቷል ወይስ ገና ነው» ብሎ ስሊፕ (ይሄን ያህል ሰከንድ ጠብቅ ሚል ትእዛዝ) መደርደርም የለም። ኖሪሴት ሚለውን አማራጭም ጨመርን፣ ካልሆነ የመጨረሻው ክላየንት ሲወጣ ሰርቨሩ ራሱን እንደ አዲስ ሊያስጀምር ይችላል፣ በዛች መሃል ሚመጣ ብራውዘር ደጅ ይቀራል።

ክሊፕቦርድ ላይ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ነበር፣ በዝርዝር ልንገራችሁ ምክንያቱም ደስ ሚል ነገር ነው። ስክሪኑ ለብቻው ሆኖ፣ ሰው ሳይነካው፣ ከኮፒ ፔስት ቴስቶቹ የተወሰኑት ሁሌም ይወድቁ ጀመር። አንዳንዴ አይደለም፣ ሁሌም። ፔስት ሲደረግ ባዶ ነው። ኤክስ ላይ ኮፒ ስታረግ ጽሁፉ የትም ሄዶ አይቀመጥም፣ ኮፒ ያረገው ፕሮግራም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብሎ ብቻ ነው ሚያስመዘግበው፣ ሌላው ፔስት ሲል ያን ጊዜ ነው ከባለቤቱ ሚጠየቀው። ቴስቶቹ የመጀመሪያውን ብራውዘር ዘግተው ነው ሁለተኛውን ሚከፍቱት፣ ባለቤቱ ሞቷል፣ ሚጠየቅ የለም። ዴስክቶፕ ላይ ይሄ ማይታየው ክሊፕቦርድ ማኔጀር ከኋላ ሆኖ እየተቀበለ ስለሚያስቀምጥ ነው፣ ባዶው ስክሪን ላይ ግን እሱ የለም። ማኔጀር መጫን ይቻል ነበር፣ እኛ ግን ቴስቶቹን ነው ያስተካከልነው፣ ፔስት እስኪያልቅ የመጀመሪያው ብራውዘር አይዘጋም፣ ተጠቃሚውም እኮ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ ነው ሚሰራው።

የዴቨሎፐሮቹ ማሽን ላይ ደሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ዲስፕሌይ ቫሪያብሉ :100 ተደርጎ ፋየርፎክስ ግን ሰውየው ፊት፣ እውነተኛው ስክሪን ላይ ይከፈታል። ማሽኑ ዌይላንድ ሴሽን ላይ ነው፣ ዌይላንድ ማለት ኤክስን እየተካ ያለ አዲሱ የመስኮት ሲስተም ነው፣ ፋየርፎክስ ከ121ኛው ቨርዥን ጀምሮ ዌይላንድ ካገኘ በራሱ እሱን ነው ሚመርጠው፣ ዲስፕሌይ ሚለውን ቫሪያብል ዞር ብሎም አያየውም። ለቴስት ፕሮሰሱ ዌይላንድ ዲስፕሌይ ሚለውን ቫሪያብል ማጥፋት፣ ፋየርፎክስ ላይ ዌይላንድ አትጠቀም ሚለውን ማስቀመጥ፣ ክሮም ላይ ኦዞን ፕላትፎርሙ (መስኮት ሚከፍትበት መንገድ) ኤክስ11 ይሁን ማለት፣ ሶስቱንም አረግናቸው። ይሄን ያላረገ ሰው ሁሉን ነገር በትክክል ሰርቶም ስክሪኑ አልተለየለትም።

ኮንቴይነር ውስጥ

የቢልድ ማሽኑን በኋላ ወደ ዶከር፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ ወደሚያስኬድ መሳሪያ፣ ስናዞረው ቴስቱ ሳይጀምር ዝም ብሎ ሚቆምበት ሁኔታ መጣ። ኤረር የለም፣ ሎግ የለም፣ ፕሮሰስ ሊስት ላይ ኤክስቪኤፍቢ አለ፣ ስክሪፕቱ አለ፣ ሲፒዩ ዜሮ ነው። አንዳንድ ኮንቴይነሮች አሁንም ኤክስቪኤፍቢ ረንን ነበር ሚጠቀሙት፣ እነሱ ላይ ብቻ ነው ሚሆነው። የኤክስ ሰርቨር ዝግጁ ሲሆን ላስነሳው ፕሮሰስ ዩዘር 1 ሚባል ሲግናል ይልካል፣ ስክሪፕቱም እሱን ነው ሚጠብቀው። ሰርቨሩ ግን ሲግናሉን ሚልከው የወላጁ ፕሮሰስ ቁጥር ከ1 በላይ ከሆነ ብቻ ነው፣ ተራ ማሽን ላይ ቁጥር 1 የሲስተሙ ኢኒት፣ ሌሎቹን ሚያስነሳው የመጀመሪያ ፕሮግራም፣ ስለሆነ ይሄ ጥሩ ጥንቃቄ ነው፣ ኮንቴይነር ውስጥ ግን የመጀመሪያ ኮማንድ ሆኖ የተነሳው ስክሪፕት ራሱ ቁጥር 1 ነው። ስለዚ ሰርቨሩ አይልክም፣ ስክሪፕቱ ይጠብቃል፣ እንዲሁ ይኖራሉ። ዶከር ሲነሳ ኢኒት ሚለውን አማራጭ ስትጨምርለት ትንሽ ኢኒት ፕሮግራም ቁጥር 1ን ይይዛል፣ ስክሪፕቱ ሌላ ቁጥር ያገኛል፣ ችግሩ በዛው አለቀ። የሞቱ ፕሮሰሶችን መሰብሰቡም በዛው ይስተካከላል።

ሁለተኛው ኮንቴይነሩ ሪስታርት ሲደረግ ነው ሚመጣው፣ «ሰርቨሩ ለዲስፕሌይ 99 ቀድሞ እየሰራ ነው» ሚል ኤረር፣ ምንም እየሰራ ሳይሆን። ኤክስ ሰርቨር ሲነሳ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ የራሱን የፕሮሰስ ቁጥር ሎክ ፋይል ላይ ይጽፋል። በድንገት ከተገደለ ፋይሉ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሚነሳው ሰርቨር ቁጥሩን አንብቦ ያ ፕሮሰስ በህይወት አለ ወይ ብሎ ያያል፣ ከሌለ ፋይሉን አጥፍቶ ይቀጥላል። ኮንቴይነር ውስጥ ግን የፕሮሰስ ቁጥሮች ሁሌ ከ1 ስለሚጀምሩ ትናንት ሎኩ ላይ የተጻፈው 8 ወይ 9 ዛሬ ሌላ ፕሮግራም ይዞት ይገኛል፣ ሰርቨሩም አለ ብሎ ይመለሳል። መፍትሄው ኮንቴይነሩን ሪስታርት አለማረግ፣ ሁሌ አዲስ መፍጠር ነው፣ ግድ ከሆነ ደሞ ከመነሳቱ በፊት ሎኩንና ሶኬቱን (ክላየንቶች ሰርቨሩን ሚያገኙበት ፋይል) ማጥፋት።

የተቀሩት የታወቁ ናቸው፣ ቶሎ ልለፋቸው። ዶከር ፕሮሰሶች ለሚጋሩት ሜሞሪ (ሼርድ ሜሞሪ) ሚሰጠው ካልነገርከው 64 ሜጋባይት ነው፣ ክሮም ከባድ ገጽ ላይ ታቡ ይሞትበታል፣ መጠኑን ከፍ ማረግ ነው። ፎንት ኮንቴይነሩ ውስጥ ስለማይኖር በጽሁፉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይወጣሉ ወይም የሰንጠረዡ ስፋት ይለያያል፣ ሲስተሙ ሚጠቀማቸውን ፎንቶች ኢሜጁ፣ ኮንቴይነሩ ሚነሳበት ቅጂ፣ ውስጥ መጫን ነው። ግራፊክስ ካርድ የለም፣ ዌብጂኤል (ብራውዘር ላይ 3ዲ ግራፊክስ መሳያ) ሚጠቀም ገጽ በሶፍትዌር ስለሚሳል ይንቀራፈፋል።

ማየት

ማይታይ ስክሪን ላይ ሚሰራ ቴስት ሰውን ያስፈራል፣ ቲሙ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተነሳው ቅሬታ «ምን እያረገ እንደሆነ አላይም» ሚል ነበር፣ ትክክልም ናቸው። ሁለት ነገር አረግን። አንደኛ፣ ኤክስ11ቪኤንሲ ያንን ዲስፕሌይ ይዞ በቪኤንሲ፣ ስክሪንን ከሩቅ በሚያሳይ ዘዴ፣ ያሳያል፣ ዴቨሎፐሩ ሲፈልግ ገብቶ ያያል፣ ካስፈለገም ቴስቱን አቁሞ በማውሱ ይነካካል። ከራሱ ማሽን (ሎካልሆስት) ብቻ እንዲቀበል አርገን በኤስኤስኤች፣ በተመሰጠረ ግንኙነት፣ ነው ምንገባው፣ ምክንያቱም ኤክስ11 ላይ አንድ ዲስፕሌይ ውስጥ የገባ ክላየንት የሌላውን መስኮት ማየትም ሚጻፈውን ኪ ማንበብም ይችላል፣ የቴስት ፓስዎርዶችም እዛው ነው ሚጻፉት። በዚሁ ምክንያት ሰርቨሩን በቀጥታ ስናስነሳ ኩኪውን ራሳችን እንሰራለን፣ በጋራ ማሽን ላይ ይሄ ሚዘለል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ቪዲዮ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ኤክስ11ግራብ በሚባለው ግብአት ዲስፕሌዩን በቀጥታ ይቀርጻል፣ ቴስቱ ሲያልፍ ቪዲዮው ይጠፋል፣ ሲወድቅ ከሎጉ ጋ ይቀመጣል። የሴሌኒየም ስክሪንሹት የገጹን ውስጥ ብቻ ነው ሚያሳየው፣ የፊርማው መስኮት ከላይ ተከፍቶ ብራውዘሩን ሸፍኖት ቢሆን እሱ ላይ አይታይም፣ ቪዲዮው ላይ ግን ሁሉም አለ፣ የቱ መስኮት ፊት እንዳለ፣ ማውሱ የት እንደቆመ።

ሪትራዩን ያነሳነው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጫጫታው ቀረ፣ አንድ ቴስት ግን አልፎ አልፎ መውደቁን ቀጠለ፣ ኮፒ ፔስት ከሚሞክሩት አንዱ፣ እንደ በፊቱ ቢሆን ያው «ድጋሚ አስኪደው» ነበር ሚባለው። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ ሌላ ማንም የለም፣ ሰበብ ሚሆን ነገር አልቀረም፣ ስለዚ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም አየነው። ሁለተኛው መስኮት ፎከስ ያገኛል፣ የሰንጠረዡ ጠርዝ ለቅጽበት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል፣ ኮንትሮል ቪ በዛች ቅጽበት መሃል ነው የገባው። ሲስተማችን መስኮቱ ፎከስ ሲያገኝ ዳታውን አድሶ ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ይስለዋል፣ ፔስት የተደረገው ነገር ሚጠፋው ሰንጠረዥ ላይ አርፎ አብሮ ይጠፋል። የቴስት ችግር አይደለም፣ የሲስተሙ ነው፣ ከተጠቃሚዎችም «አንዳንዴ ፔስት አይገባም» ሚል ቅሬታ ይመጣ ነበር፣ ማንም ድጋሚ አርጎ ሊያሳየው ስላልቻለ ክፍት ሆኖ የኖረ ጉዳይ ነው። እድሳቱ ሲካሄድ የገባ ፔስት ተይዞ ቆይቶ አዲሱ ሰንጠረዥ ሲመጣ እንዲገባ ተደርጎ ተስተካከለ፣ ቅሬታውም ተዘጋ።

አሁን የቀረን የዌይላንድ ነገር ነው። ኤክስቪኤፍቢ ላይ ምንሞክረው ሁሉ በኤክስ11 በኩል ነው፣ ተጠቃሚዎቻችን ግን እየበዙ በዌይላንድ ላይ ናቸው፣ እዛ ደሞ ክሊፕቦርድና ፎከስ ሌላ ህግ አላቸው፣ ኤክስዱቱልም የዌይላንድ መስኮቶችን አይነካም። ዌስተን ሚባለው ኮምፖዚተር (ዌይላንድ ላይ መስኮቶችን ሚያስተዳድር ፕሮግራም) ያለ ሞኒተር ሚሰራበት ሄድለስ ባክኤንድ ስላለው የኮፒ ፔስት ቴስቶቹን በሱ ላይ ማስኬድ ጀምረናል፣ የፊርማው መስኮት ግን ገና ነው፣ እሱን ሚነካልን ነገር እስክናገኝ ኤክስ11 ላይ ይቆያል።